ነጭ ጨርቅ በፓውንድ

«እጅ ወደ ኋላ!» አለ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ። የሚያየው ደግሞ እሷን ብቻ ነበር።

ኮከብ እጇን ሰብስባ ወለሉ ላይ ከተቀባው ቢጫ መስመር ኋላ ቆመች። ግራና ቀኟ ያሉት ሰዎች ጓንት ያጠለቁ፣ ጋሪያቸውን ከኋላቸው ያስጠጉ፣ ነገሩን የለመዱት ናቸው። ከፊታቸው ሠራተኞቹ ሰማያዊ ባለጎማ ገንዳዎች እየገፉ ይደረድራሉ። ገንዳዎቹ እስከ አፋቸው ጢም ብለዋል፤ ሱሪው፣ መጋረጃው፣ የሕፃን ልብሱ፣ ሁሉም ተደበላልቆ። የመጨረሻው ገንዳ ቦታውን እስኪይዝና ሠራተኛው «ጀምሩ» እስኪል ድረስ ንክች የለም። የነካ ይባረራል። ኮከብ ይህን ያወቀችው ገና ከመግባቷ አንዱን ገንዳ ሄዳ ስትጎረጉር ያ ሁሉ ሰው ሲጮህባት ነው።

ኧረ እሷ ልብስ ልትገዛም አልመጣች! ዴንቨር ድረስ የመጣችው የእናቷን መግነዝ ፍለጋ ነው።

አዎ፣ መግነዝ። እናቷ ወይዘሮ አያልነሽ ከሦስት ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ኢየሩሳሌም ተሳልመው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት፣ በጌታ መቃብር ላይ የተነጠፈ፣ ሲሞቱ የሚገነዙበት ነጭ አቡጀዲ ነው። እዚያው ሥዕል የታተመበት ይሸጣል ቢሏቸው «ሥዕል ላይ ልተኛ ነው እንዴ?» ብለው፣ ነጩን እዚሁ አሜሪካ ከሚኖሩባት ከኦሮራ ገዝተው ይዘው ነበር የሄዱት። መቃብሩ ላይ ሲያነጥፉት ግፊያ ነበርና የአንዲት ሴት ጧፍ ጠርዙን ነክቶ ጥፍር የምታህል ቀዳዳ አቃጠለበት። ወይዘሮ አያልነሽ ግን መቼ ተናደው! «ምልክት አደረገልኝ» ብለው ያችን ቀዳዳ ለመጣው ለሄደው ሁሉ ያወራሉ። ያወራሉ እንጂ ጨርቁን አንድ ቀን እንኳ ለልጃቸው ገልጠው አላሳዩም። ኮከብም አሳዪኝ ብላ አታውቅም። የእናቱን መግነዝ ለማየት የሚጣደፍ ማን አለ?

ሦስት ዓመት ሙሉ መግነዙ የተቀመጠው አሮጌው ባለቁልፍ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ኮከብ ሻንጣውን ታከብረው ነበር፤ ቤት ስትጠርግ እንኳ ዙሪያውን ጠርጋ ታልፋለች። መዘዙ የመጣው ከአበዛሽ ነው። አበዛሽ እላያቸው ያለው አፓርታማ ውስጥ የምትኖር ጎረቤታቸው ናት። ለእህቷ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ ሰው ሁሉ «ይቺን ብቻ አድርሺልኝ» እያለ ያመጣላት ዕቃ አልበቃ ብሏት «እማማ፣ ሻንጣ አውሱኝ» ብላ መጣች። ወይዘሮ አያልነሽ ደግሞ መንገደኛ ለምኗቸው እንቢ የሚሉ ሴት አይደሉም። መግነዙን ከሻንጣው አወጡና አዲስ አንሶላ ታሽጎ ከሚመጣበት ዚፕ ካለው የላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ያንን ቦርሳ መጣል አይሆንልንማ! አንሶላው አልቆ ጨርቅ ሆኖ ቦርሳው ገና ዓመት ይኖራል። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ከብርድ ልብሱ ሥር አስቀመጡት፤ ለልጃቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። የመግነዝ ነገር በየቀኑ አይወራ።

ባለፈው ዓርብ ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ገቡ። የልባቸው ቫልቭ ጠቧል፣ በቶሎ መቀየር አለበት ተባለ። በማግስቱ ኮከብ፣ እናቴ ከኦፕራሲዮን ስትወጣ መደገፊያ ዎከሯን የምትገፋበት ቦታ ትፈልጋለች ብላ ክፍሉን ታራግፍ ጀመር። አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ያለቀ ሹራብ፣ አንድ አንሶላ ከነቦርሳው። በሦስት ጥቁር ከረጢት ሞልታ ሃቫና በሚባለው መንገድ ላይ ላለው ያገለገለ ልብስ መሸጫ አስረከበችና ቤት ገብታ ሰፊውን ክፍል እያየች ደስ አላት። ምስኪን!

ጉዱ የፈላው ትናንት አመሻሹ ላይ ነው። ዶክተሩ የኦፕራሲዮኑን የፈቃድ ወረቀት ሲያቀርብላቸው ወይዘሮ አያልነሽ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አላወጣም አሉ።

«መጀመሪያ ልብሴን አምጪልኝ» አሉ ለልጃቸው።

«የቱን ልብስ፣ እማዬ?»

«የኢየሩሳሌሙን ነዋ! እዚያው ብቀርስ? በሆስፒታል አንሶላ ልትገንዙኝ ነው? አጠገቤ ይሁን። እሱን ሳላይ አልፈርምም።»

«እሺ፣ ነገ ከሻንጣው አውጥቼ አመጣልሻለሁ።»

«ሻንጣውማ አዲስ አበባ ሄደ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ በአንሶላ ቦርሳ አድርጌዋለሁ።»

ኮከብ ቅዳሜ ያስረከበቻቸው ከረጢቶች ትዝ አሏት። እውነቱን እንዳትናገር ልቡ የደከመ ሰው ፊት «መግነዝሽን ጣልኩት» ይባላል? «እሺ፣ እማዬ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ዶክተሩ ተከትሏት መጣ። እስከ ነገ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ካልፈረሙ የረቡዕ ጠዋቱን ቦታ ለሌላ ሕመምተኛ እንደሚሰጥ ነገራት። ሌላ ቦታ እስኪገኝ መቆየት ይችላሉ ወይ ብላ ስትጠይቀው «እንዲቆዩ አልመክርም» አላት።

ዛሬ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ሃቫና መንገድ ደረሰች። እዚያ ያለችው ሴትዮ፣ አሮጌ አንሶላና ብርድ ልብስ ዋጋ ሳይለጠፍበት በቀጥታ ዴንቨር ወዳለው መጋዘን ሄዶ በፓውንድ እየተመዘነ እንደሚሸጥ ነገረቻት። የቅዳሜው ሁሉ የሚወጣው ዛሬ ነው አለቻት። ኮከብ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ ረስታ መኪናዋን አስነሳች።

«ጀምሩ!»

ሰዉ ገንዳው ላይ ተረባረበ። ወይ ጉድ! ክርን ነው፣ ትከሻ ነው፣ ዕቃ ከወዲያ ወዲህ ይበራል። ኮከብ በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ኤይድ ናት፤ ስንቱን ሰው ስታነሳ ስታገላብጥ ትውላለች፣ ጉልበት አላት። እዚህ ግን አንዲት ቀጭን አሮጊት በክርኗ ብላ ከገንዳው ገፍታ አወጣቻት። ተመልሳ ገባች። ነጭ ነገር ባየች ቁጥር ልቧ ቀጥ ይላል፤ ስትጎትተው የትራስ ልብስ ይሆናል፣ ሸሚዝ ይሆናል፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ይሆናል።

«በባዶ እጅሽ? ኧረ እህቴ፣ እጅሽን ጠልተሻል እንዴ?»

ቀና ስትል ግራጫ ኮፍያ ያደረገ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሐበሻ ከማዶ ቆሟል። ጋሪው በጫማ ብቻ ተሞልቷል።

«እዚህ ውስጥ ብርጭቆ አለ፣ መርፌ አለ። አንድ ቀን የሰው ጥርስ አግኝቻለሁ፤ ድድ ያለው፣ ሙሉ!» አንዱን ጓንት አውልቆ ወረወረላት። «አባይነህ እባላለሁ። ታክሲ ነው የምሠራው፤ ኤርፖርት ወረፋ እስኪደርሰኝ ጫማ እለቅማለሁ። ምንድን ነው የጠፋብሽ? ዕቃ የምትገዢ አትመስይም።»

«ነጭ ጨርቅ» አለች ኮከብ። ከዚያ ለማታውቀው ሰው መዋሸቱ ራሱ ታከታት። «የእናቴ መግነዝ ነው፤ የኢየሩሳሌም። በስሕተት ሰጠሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ካላደረስኩላት ኦፕራሲዮን አልገባም ብላለች።»

አባይነህ አማተበ።

«በምንድን ነው ያለው?»

«በአንሶላ ቦርሳ። ዚፕ ያለው።»

«በይ ስሚኝ። ገንዳ ውስጥ ያለ ያገኘው ሰው ነው፤ ጋሪ ውስጥ የገባ ግን የባለቤቱ ነው። በእናትሽ፣ የሰው ጋሪ እንዳትነኪ፤ እዚህ ቤት ለዚያ ሰው ይጋደላል። ሁለተኛ፣ ቶሎ በይ። ሰዓቱ ሲደርስ ገንዳዎቹን እየገፉ ከኋላ ያስገቧቸዋል፤ የገባ አይወጣም። ማሽን ጨፍልቆ በጥቅል ያስረዋል፣ ከዚያ ወደ አፍሪካ ነው የሚጫነው።»

«ወደ አፍሪካ?»

«ምን ታደርጊዋለሽ! እኛ ወዲህ፣ ጨርቁ ወዲያ።»

ሁለቱ ከሁለት ጫፍ ገንዳዎቹን ያዙ። አባይነህ እጁን እስከ ብብቱ እየከተተ ከሥር ይገለብጣል፤ ኮከብ የወጣውን እያራገፈች ታያለች። አቧራው ጉሮሮዋን ያዛት። አንዱ ገንዳ አለቀ፣ ሌላው አለቀ። ኮከብ በየመሀሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፤ ሰዓቱም የተጣደፈባት መሰላት።

አራተኛው ገንዳ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ሥር፣ እጇ ላስቲክ ነካ። ብርድ ልብሱን አወቀችው፤ የእናቷ ነው፤ ጥጉ ላይ ቡና ፈሶበት የቀረው እድፍ አለ። ጎተተችው። የአንሶላው ቦርሳ ነው! ዚፑ ተከፍቷል። ውስጡ ተጣጥፋ የተቀመጠች ቢጫ ጧፍ አለች፤ ጫፏ በርቶ የጠፋች፣ ከኢየሩሳሌም የመጣች ጧፍ። ሌላ ምንም የለም።

«ባዶ ነው» አለች። «አባይነህ፣ ባዶ ነው!»

«ቦርሳው እዚህ ካለ ጨርቁም እዚሁ ነው። አትደንግጪ፤ ሰው አውጥቶት ይሆናል። ፈልጊ!»

ፈለገች። ጓንቱን አውልቃ ጣለች፤ ጣቷ ካልዳሰሰ የምታገኘው አልመሰላትም። ሰው የገለበጠውን መልሳ ገለበጠች። የገንዳውን ወለል እስክታይ አወጣች። በዚህ መሀል ነው ቀና ስትል ያየችው። ያቺ በክርኗ የገፋቻት ቀጭን አሮጊት ጋሪዋን ሰው እንዳያይባት በነጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች። ነጭ፣ ደረቅ ያለ፣ ሥዕል የሌለው ጨርቅ። አንዱ ጠርዝ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አለ።

አባይነህ የነገራት ሁሉ ከጭንቅላቷ በኖ ጠፋ። ሮጣ ሄዳ ጨርቁን ከጋሪው ላይ መነጨቀችው።

አሮጊቷ የጮኸችው ጩኸት! በምን ቋንቋ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ ስድብ መሆኑ ግን ለማንም ግልጽ ነው። ጨርቁን በዚያኛው ጫፍ ይዛ ጎተተች፤ ኮከብም አልለቅም አለች። ሰው ሥራውን አቁሞ ከበባቸው። «ሌባ!» አለ አንዱ። ኮከብ ጠርዙን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ያ ጠቆር ያለው ነገር ቀዳዳ አይደለም። የፋብሪካ ምልክት ነው፤ ጥቁር ክር፣ በቃ። የአልጋ አንሶላ ነው።

ለቀቀችው። ፊቷ ጋለ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ቢጫ ሰደርያው እየተጣደፈ መጥቶ በጣቱ በሩን አሳያት።

አባይነህ መሀል ገባ። እጁን እያርገበገበ፣ በዚያ በታክሲ እንግሊዝኛው፣ እናቷ ሆስፒታል ናት፣ ልብ ነው፣ ይቅር በሏት፣ እኔ አለሁ አለ። አሮጊቷ «ልብ» የሚለውን ስትሰማ ስድቧን ቀነሰች እንጂ አላቆመችም። ሠራተኛው ኮከብን ከላይ እስከ ታች አያት። ሌላ አንድ ጊዜ የሰው ጋሪ ብትነካ ፖሊስ እንደሚጠራ ተናግሮ ሄደ። ሲሄድ ግን ለጓደኞቹ እጁን አነሳ፤ የገንዳው ሰዓት ደርሷል ማለቱ ነው።

ገንዳዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ኮከብ ያልጨረሰቻቸው ሁለት ገንዳዎች ነበሩ። ሮጣ የአንዱን ጠርዝ ያዘች።

«እባክህ፣ ይቺን ብቻ! አንድ ደቂቃ!»

«እመቤት፣ ልቀቂ።»

«የእናቴ ነው፤ እዚህ ውስጥ ነው ያለው!»

ሠራተኛው የሚገፋውን ገፋ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ለቀቀች እንጂ ምን ታደርግ? ገንዳው ከላስቲክ መጋረጃው ኋላ ገባ። መጋረጃው ሲገለጥ ከውስጥ ያ ማሽን ይታያል፤ ብረቱ ወርዶ ጨርቁን ሲጫነው የሚያሰማው ድምፅ እስከ እግሯ ድረስ ተሰማት። መጋረጃው ተዘጋ። ኮከብ ባዶውን ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋ እዚያው ቆመች። እናቷ ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው አጠራቅመው የሄዱበት መንገድ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው ያነጠፉት ጨርቅ፣ በእሷ እጅ፣ በእሷ ጽዳት ወዳድነት ማሽን ገባ።

ስልኳ ጮኸ። ሆስፒታሉ ነው። ነርሷ እናትሽ ልታናግርሽ ትፈልጋለች ብላ ስልኩን አቀበለቻቸው።

«ኮከቤ፣ አገኘሽው?» የወይዘሮ አያልነሽ ትንፋሽ በየቃሉ መሀል ይቆራረጣል። «ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ እየተመላለሰ ነው። ከሌለ ንገሪኝ፤ እኔም ቤቴ ልግባ።»

«ይዤዋለሁ» አለች ኮከብ።

አፏ ነው ያለው፤ እሷ አላለችም። እንዲህ ብላ ለመናገር አላሰበችም ነበር። ግን «ቤቴ ልግባ» የሚለውን ስትሰማ ሌላ ቃል ከየት ይምጣ?

«እጅሽ ላይ ነው?»

«እጄ ላይ ነው፣ እማዬ። መንገድ ላይ ነኝ።»

ስልኩን ዘጋች። አባይነህ ሁሉንም ሰምቷል። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እህቴ፣ አትቆጪኝ እንጂ… ነጭ ጨርቅ እዚህ ሞልቷል።»

«በእናቴ ሞት ልትቀልድ ነው?»

«ስለ ሞታቸው መች አወራሁ? እንዲፈርሙልሽ አይደል የምትፈልጊው?»

ደሟ ፈላ። ይህን ኮፍያውን ያወለቀ ሰው በጥፊ ማለት አማራት። እሱ ግን ዓይኑን መሬት ጥሎ ቆሟል፤ የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም። አዲሶቹ ገንዳዎች ሲገቡ ኮከብ ከመስመሩ ኋላ ቆመች። «ጀምሩ» ሲባል ገባች። ነጭ ያየችውን ሁሉ በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መሀል እያሸች ጣለች፤ ይሄ ለስላሳ ነው፣ ይሄ ናይለን ነው፣ ይሄ ቀለሙ ቢጫ መትቶታል። በመጨረሻ አንድ ደረቅ ያለ፣ ጥጥ የሆነ፣ ምንም የሌለበት ነጭ ጨርቅ አገኘች። ለአቡጀዲ በጣም የቀረበ ነው። ለእናቷ ነው እንጂ ለማንም ሰው ያልፍ ነበር።

ሚዛኑ ላይ ስታስቀምጠው ቁጥሩ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ «ይሄው ብቻ ነው?» አለቻት። ኮከብ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችና ከፈለች። አባይነህ እስከ መኪናዋ ሸኛት።

«እሳት አለህ?» አለችው።

ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ከጃኬቱ ኪስ ላይተር አወጣ። «አላጨስም። ይቺንም እዚያው ገንዳ ውስጥ ነው ያገኘኋት። ያዢያት፣ አትመልሺያት። እግዜር ይማራቸው።»

መኪናዋ ውስጥ ሆና ጧፏን ለኮሰች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች፤ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም። የጨርቁን ጠርዝ ወደ ነበልባሉ አስጠጋች። ጨርቁ ጠቆረ፣ ቀይ ሆነ፣ ካሰበችው በላይ ሊሰፋ ሲል በአውራ ጣቷ ተጭና አጠፋችው። ሰሙ ጣቷ ላይ ፈሶ አቃጠላት። ቀዳዳዋ ጥፍር አከለች። ጨርቁን አጣጥፋ፣ ጧፏን ላዩ ላይ አድርጋ፣ ዚፑን ዘጋችና መስኮቱን ከፍታ ነዳች።

ከዴንቨር እስከ ኦሮራ ያለው መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞባት አያውቅም። በየመብራቱ መሪውን ትደበድባለች። መብራት በጠበቀች ቁጥር ደግሞ ያው ሐሳብ ይመጣባታል፤ እናቴ በዚህ ጨርቅ ብትሄድስ? ከማላውቀው ሰው አልጋ በወረደ አንሶላ? ሁለት ጊዜ ዞራ ልትመለስ፣ አንድ ጊዜ ደውላ ልትናዘዝ አሰበች። «ቤቴ ልግባ» የሚለው ድምፅ ግን አልለቀቃትም።

ክፍሉ ስትደርስ ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ አልጋው ግርጌ ቆሟል። ሰዓቱን አየ። ወይዘሮ አያልነሽ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንዱ ዓይናቸው በሞራ ደፍርሷል።

«አምጪው።»

ኮከብ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና የተቃጠለውን እጇን ኪሷ ከተተች። ዚፑን ራሳቸው ከፈቱ። መጀመሪያ ያወጡት ጧፏን ነው፤ አገላብጠው አዩዋት፣ ሳሟት፣ ትራሳቸው ሥር ከተቷት። ከዚያ ጨርቁን አወጡ። አልገለጡትም። በጣታቸው አሹት። ጠርዙን ይዘው ዙሪያውን ቀስ ብለው ሄዱ፤ አንዱ ጥግ፣ ሁለተኛው ጥግ። ጣታቸው ቀዳዳዋ ላይ ሲደርስ አቆመ።

ጠርዙን ወደ አፍንጫቸው አነሱት። አሸተቱት። አንዴ አሽትተው አልበቃቸው አለና ደገሙ። ሦስት ዓመት የሞላው እሳት እንደዚህ አይሸትም፤ ይህን ኮከብም ያን ጊዜ ነው የተረዳችው። መኪናው ውስጥ መስኮት መክፈቷ ምን ዋጋ አለው! ቃጠሎው ገና ትኩስ ነው፤ እሷ ከቆመችበት እንኳ ይሸታል።

ወይዘሮ አያልነሽ ልጃቸውን አዩዋት። ፀጉሯ ላይ የተጣበቀውን አቧራ አዩ፣ የተቧጨረ ክንዷን አዩ፣ ኪሷ የተደበቀውን እጇን አዩ። ኮከብ ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ ነው» አሉ።

ዶክተሩ ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። ኮከብ የገዛ ጆሮዋን ማመን አቃታት። «እሱ ነው አለች» ብላ ተረጎመች።

«እስክሪብቶ ስጡኝ» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ።

ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ወትሮው ትልልቅ ፊደል ነው፣ ተጠንቅቀው የሚጽፉት። ዶክተሩ ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ለነገ ጠዋት መልካም ተመኘላቸው፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። ኮከብ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ነይ እስቲ ወዲህ። እጅሽን አምጪ። ያንን አይደለም፣ ያኛውን።»

ከኪሷ አወጣችው። አውራ ጣቷ ቀልቶ ውኃ ቋጥሯል። ወይዘሮ አያልነሽ በሁለት እጃቸው ያዙት፤ እፍ እፍ አሉበት፣ ልጅ ሳለች ወድቃ ስትመጣ ያደርጉላት እንደነበረው።

«ይሄ ሁሉ ነርስ ሞልቶ ቅባት እንኳ አትጠይቂም?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» እንባዋ ቀደማት። «አውቄ አይደለም፣ እማዬ። ክፍልሽን ላሰፋልሽ ብዬ…»

«ዝም በይ። አትንፈቅፈቂ፣ ሰው ይሰማል።» ጣቷን አልለቀቁም። «ጧፏ የኔ ናት። ጨርቁን ግን ከዚህ ስወጣ አብረን ሄደን እንፈልገዋለን።»